ለዓይነ ስውር ልጅ የብሬል መጽሐፍ ማቅረብን የሚያስገድድ ሕግ አለ ወይ? ለምክር ቤት የምናቀርበውን አቤቱታ እንዴት እንጻፈው?

ጥያቄ፦ እናት ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዘንድሮ 7ኛ ክፍል ናት። በአራት ዓመቷ ታማ ሁለቱም ዓይኖቿ ማየት አቁመዋል። ብሬልን፣ ማለትም በጣት የሚዳሰሰውን የነጥብ ጽሕፈት፣ ያስተማሯት ራሳቸው ዓይነ ስውር የሆኑ አንድ መምህር ናቸው፤ እስከ 4ኛ ክፍል ድረስ የሚያስፈልጋትን መጽሐፍ እየተዋሱም እያስገለበጡም ስላመጡላት ከእኩዮቿ እኩል ስታነብ ቆይታለች። እርሳቸው ወደ ሌላ ከተማ ከተዛወሩ በኋላ ግን መጽሐፉም አስተማሪውም በአንድ ላይ ጠፉ።

አሁን ቤታችን ውስጥ ያለው የብሬል መጽሐፍ አንድ የ5ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ እርሱም ሙሉው ሳይሆን አንዱ ቅጽ ብቻ ነው። ከእርሷ በፊት ስንት ልጅ እንደዳሰሰው አላውቅም፤ በገጹ መካከል ያሉት ነጥቦች ተደፍጥጠው ከወረቀቱ ጋር እኩል ሆነዋል። ጣቷ መካከሉ ላይ ሲደርስ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ እንደገና ትሞክራለች፤ ብዙ እጅ ያልደረሰበት ጠርዝ ላይ ስትደርስ ደግሞ ፍጥነቷ ይመለሳል። ክረምት ሲገባ የደሴ ጉምና እርጥበት ወረቀቱን ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ በላስቲክ ጠቅልለን ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጠዋለን።

ጉዳዩን ለትምህርት ቤቱ ደጋግሜ አቅርቤአለሁ። የተሰጠኝ መልስ ለአንዲት ልጅ ተብሎ መጽሐፍ ማሳተም እንደማይቻል፣ ዘመኑም የስልክ ስለሆነ ትምህርቱን በድምፅ ቀድቼ እንዳስደምጣት የሚል ነው። መልሱን የሰጡኝ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም፤ መጋዘናቸው ውስጥ የሌለውን ከየት ያመጡታል? ታላቅ ወንድሟ ማታ ማታ ምዕራፉን ጮክ ብሎ እያነበበ በስልኩ ይቀዳላታል፤ እርሷም ደጋግማ ሰምታ በቃሏ ትይዘዋለች። ባለፈው ወር ግን የአማርኛ ድርሰት ታዝዛ በስሌትና በስታይለስ (በብሬል መጻፊያው ሰሌዳና መውጊያ) ጽፋ ስትጨርስ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። ራሷ የጻፈችውን ስታነብ ሁለት ቦታ ላይ ቆመች፤ ከዚያም “እማ፣ ይህ ቃል እንዴት ነው የሚጻፈው? ሰምቼዋለሁ እንጂ በጣቴ አግኝቼው አላውቅም” አለችኝ። በማግሥቱ እንደ እኔ ዓይነ ስውር ልጅ ላላቸው ወላጆች መደወል ጀመርኩ።

አሁን በደሴና በኮምቦልቻ የምንገኝ ስድስት ወላጆች ለክልሉ ምክር ቤት አቤቱታ ለማቅረብ ተስማምተናል። ከመጻፋችን በፊት የምታውቁ እንድትመክሩን እለምናለሁ። ለዓይነ ስውር ልጅ ብሬል ማስተማርና የብሬል መጽሐፍ ማቅረብ ግዴታ ነው የሚል ሕግ በአገራችን አለ ወይ? ካለ ስለ ምን አይፈጸምም? ከሌለስ ምን ዓይነት ሕግ እንዲወጣ ብንጠይቅ ነው ከወረቀት አልፎ ልጆቹ እጅ የሚደርሰው? ልጄ ነገ አድጋ ወደ ባንክ፣ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ፍርድ ቤት ስትሄድ የሚጠብቃትንም ከወዲሁ ማወቅ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

እህቴ፣ አብሽሩ። የጠየቁት ነገር የሕግ መሠረት አለው። ያሉት ሕጎች መብቱን ያውጃሉ፤ ግዴታውን ማን፣ መቼ፣ በየትኛው በጀት እንደሚፈጽመው ግን ሳይናገሩ ያልፋሉ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አካል ጉዳተኞችን እንዲረዳ ያዛል፤ ነገር ግን ትእዛዙን በአገሪቱ የኢኮኖሚ አቅም ገድቦታል። ከዚህ የሚጠነክረው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ስላጸደቀችው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ብሬል መማር እንዲመቻችና ብሬል የሚያውቁ መምህራን፣ ራሳቸው አካል ጉዳተኛ የሆኑትን ጨምሮ፣ እንዲቀጠሩ ያስገድዳል፤ አንቀጽ 21 ደግሞ ለሕዝብ የሚሰጥ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በሚመች መልክ፣ በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲደርስ ይላል። በአቤቱታችሁ መግቢያ ላይ እነዚህን ሁለት አንቀጾች በቁጥራቸው ጥቀሷቸው፤ የምትጠይቁት ችሮታ እንዳልሆነ አንባቢው ከመጀመሪያው መስመር ይወቀው።

መጻሕፍትን በሚመለከት ራሱን የቻለ ሌላ ስምምነት አለ። ሰኔ 20 ቀን 2005 ዓ.ም. በሞሮኮዋ ማራካሽ ከተማ የጸደቀውና መስከረም 20 ቀን 2009 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የማራካሽ ስምምነት፣ ዓይነ ስውራንና የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የማይችሉ ሌሎች ሰዎች መጽሐፍን በብሬል፣ በድምፅ ወይም በኤሌክትሮኒክ መልክ እንዲያገኙ ሲባል የቅጂ መብት ባለቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቁ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ የተባዛውም ከአገር ወደ አገር እንዲተላለፍ መንገድ ይሰጣል። ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1181/2012 አጽድቃዋለች። ስለዚህ ማንም “የቅጂ መብት ይከለክለናል” ብሎ ቢመልስላችሁ መልሱን አትቀበሉ። ይሁን እንጂ ስምምነቱ ማባዛትን ይፈቅዳል እንጂ አባዛ ብሎ አሳታሚን አያዝዝም፤ ያን ማዘዝ የአገር ውስጥ ሕግ ሥራ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ረገድ ያደረጉትን ማየት ይጠቅማችኋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 የተሻሻለው የአካል ጉዳተኞች የትምህርት ሕግ፣ ዓይነ ስውር ተማሪ ብሬል ይማራል ብሎ ይነሣል፤ ትምህርቱ የሚቀረውም የተማሪውን የማንበብና የመጻፍ ችሎታ፣ የአሁንና የወደፊት ፍላጎቱንም የመረመረ ቡድን ብሬል ለእርሱ ተገቢ አይደለም ብሎ ሲወስን ብቻ ነው። በዚህ አካሄድ እናት ልጄ ብሬል ያስፈልጋታል ብላ ደጅ መጥናት አይጠበቅባትም፤ አያስፈልጋትም የሚለው ወገን ምክንያቱን ያቀርባል። እ.ኤ.አ. በ2004 ሕጉ እንደገና ሲሻሻል የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚዎች የመጽሐፉን የኤሌክትሮኒክ ፋይል በአንድ ወጥ መስፈርት አዘጋጅተው የሚያስረክቡበት ሥርዓት ተጨመረበት። የእናንተ አቤቱታ ከእነዚህ ከሁለቱ ሐሳቦች የሰፋ ሐሳብ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ስለ ባንክና ስለ ፍርድ ቤት ላነሡት ጥያቄ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728 ንዑስ ቁጥር 3 ዓይነ ስውርንና ማንበብና መጻፍ የማያውቅን ሰው ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል። ሁለቱም በጽሑፍ ውል ላይ የሚያኖሩት ፊርማ ወይም የጣት ምልክት በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በሥራው ላይ ባለ ዳኛ ካልተረጋገጠ አያስገድዳቸውም። ድንጋጌው ሰው እንዳይታለል ለመጠበቅ የወጣ ስለሆነ ዓላማውን አልነቅፍም፤ ከሥሩ ያለው ግምት ግን ዓይነ ስውር ሰው አያነብም የሚል ነው። ልጅዎ ነገ ውሉን በብሬል አንብባ ወይም በስልኳ አስነብባ ምን ላይ እንደምትፈርም ጠንቅቃ ብታውቅ እንኳ፣ ሕጉ ፊደል ካልቆጠረ ሰው ለይቶ አያያትም። የንባብ ጉዳይና የአገልግሎት ጉዳይ አንድ ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ቢሆንም ይህ ሰፊ ጉዳይ ስለሆነ ከልጆቹ መጽሐፍ ጋር በአንድ አቤቱታ ውስጥ አትቀላቅሉት፤ መጽሐፉ ወደ ኋላ ይገፋባችኋል።

በእኔ አስተያየት ከአዋጅ በፊት ከክልሉ ትምህርት ቢሮ መመሪያ እንዲወጣ ብትጠይቁ ይሻላል። የልጅዎ ክፍል መጻሕፍት የሚዘጋጁት በክልሉ ነው፤ መመሪያም በወራት ውስጥ ሊወጣ ይችላል፤ አዋጅ ግን ረቂቁ ተዘጋጅቶ፣ ተመክሮበት፣ የክልሉ ሕግ በሚታወጅበት በዝክረ ሕግ ጋዜጣ እስኪወጣ ልጅዎ 12ኛ ክፍል ትደርሳለች።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የብሬል መምህር፣ ደሴ

የተከበሩ እናት፣ እኔ ራሴ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ብሬል በማስተማር ነው፤ ይህንም የምጽፈው ኮምፒውተሬ እያነበበልኝ ነው። ድምፅን የምጠላ ሰው አለመሆኔ በዚህ ይታወቅልኝ። ለልጅ ግን ድምፅ የንባብ ምትክ ሊሆን አይችልም። ለሚያየው ልጅ መጽሐፉን ሁሉ ሬዲዮ ያንብብለት፣ ፊደል አይቁጠር የሚል ትምህርት ቤት የለም፤ ለዓይነ ስውሯ ልጅ ሲሆን ለምን ይባላል?

ብሬል በስድስት ነጥብ የቆመ ጽሕፈት ነው፤ ከስድስቱ ነጥቦች 63 ቅርጾች ይወጣሉ። የአማርኛ ፊደል ከእርባታው ጋር ከ200 በላይ ስለሆነ፣ በብሬል ሲጻፍ አብዛኛው ፊደል ለተነባቢው አንድ፣ ለአናባቢው ሌላ ሕዋስ (የስድስት ነጥብ ቦታ) ይወስዳል። ስለዚህ በብሬል የምትጽፍ ልጅ ቃሉን እስከ አናባቢው ፈትታ ካላወቀችው አትጽፈውም። በዚያ ላይ በስሌት ሲጻፍ ነጥቡ የሚወጣው በወረቀቱ ጀርባ ስለሆነ ከቀኝ ወደ ግራ ትጽፋለች፣ ወረቀቱን ገልብጣ ከግራ ወደ ቀኝ ታነባለች፤ እያንዳንዱን ፊደል በሁለት መልኩ ታውቀዋለች ማለት ነው። “በጣቴ አግኝቼው አላውቅም” ያለችው ልጅ የጎደላትን ከእኔ ይልቅ አሳምራ ተናግራለች። ጆሮ ቃል የት ላይ እንደሚያልቅ፣ አራት ነጥብ የት እንደሚውል አይነግርም፤ የሒሳብ ቀመርና ሠንጠረዥማ በጭራሽ በጆሮ አይያዝም። እኔ በተማርኩበት ጊዜ ሒሳብ ለዓይነ ስውር አይሆንም ተብሎ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከዛፍ ሥር እቀመጥ ነበር። ከክፍሉ የሚወጣውን የጠመኔ ድምፅ ብቻ ነበር የምሰማው። ያን ጊዜ ያጣሁትን እስከ ዛሬ አልተካሁትም።

የሕግ ባለሙያው ስለ አገሮቹ ልምድ ያስረዱትን አመሰግናለሁ፤ ከመመሪያ ጀምሩ ባሉት ላይ ግን አልስማማም። መመሪያ ኃላፊ ሲለወጥ አብሮ የሚረሳ ነገር ነው። በአገልግሎት ዘመኔ ብሬልን የሚመለከት ደብዳቤ ሲጻፍ፣ ሲመራ፣ ፋይል ሲደረግ አይቻለሁ፤ በጀት ሲያዝለት ግን አላየሁም። አዋጅ ሲሆን በጀት የሚያጸድቀው ምክር ቤት ራሱ ያወጣው ስለሚሆን የሚጠይቁት ተወካይ ይኖራችኋል። ልጅዎ 12ኛ ክፍል ብትደርስም ከእርሷ በኋላ የሚመጡት ያገኙታል። ሁለቱንም ብትጠይቁ ግን አልቃወምም።

“ለአንዲት ልጅ ተብሎ” ለሚለው ሰበብ የሚሆን መልስ ልስጥዎ። በ1998 ዓ.ም. በተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት መሠረት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር፣ 3.7 በመቶው ደግሞ የማየት አቅሙ የደከመ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ ሲሆን፣ ይህ በአብዛኛው የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ነው። ስለዚህ በትምህርት ዕድሜ ላይ ያሉትና ብሬል የሚያስፈልጋቸው ልጆች በየትምህርት ቤቱ አንድም ሁለትም ሆነው ተበታትነው ነው የሚገኙት። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ትምህርት ቤቱ ተስፋ ይቁረጥ የሚል አይደለም፤ ኃላፊነቱ ከትምህርት ቤቱ ትከሻ ላይ ይነሣና ክልሉ ላይ ይውደቅ የሚል ነው። አንድ የብሬል ማተሚያ ክልሉ ውስጥ በአንድ ቦታ ተቀምጦ ለሁሉም ሊያትም ይችላል፤ ብሬል የሚያውቅ አንድ ተዘዋዋሪ መምህርም በሳምንት ውስጥ ደሴን፣ ኮምቦልቻንና ሐይቅን ሊያዳርስ ይችላል። የመምህሩን ነገር በአቤቱታው ውስጥ አትርሱት፤ መምህር የሌለው የብሬል መጽሐፍ ነጥብ ያለበት ወፍራም ወረቀት ነው።

ከዚሁ ከደቡብ ወሎ፣ ከአማራ ሳይንት የተነሡት ወይዘሮ የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመታቸው ማየት ያቆሙ ናቸው። የተማሩት ግን እዚህ አልነበረም፤ ሻሸመኔ ድረስ ሄደው በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ነው። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት ሲሟገቱ ቆይተው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብለዋል። የወሎ ልጅ ፊደል ለመቁጠር ከእናቷ ተለይታ ሻሸመኔ መሄድ የነበረባት ዘመን ማለፍ አለበት፤ ልጅዎ ደሴ ላይ፣ ማታ እቤቷ እየገባች መማር ይገባታል።

መልስ፦ የማተሚያ ቤት ገጽ አቀናጅ፣ ፒያሳ

እኔ የማውቀው የሙያዬን ብቻ ስለሆነ አጭር ነገር ልጨምር። የሕግ ባለሙያው ፋይሉ ይሰጥ ያሉት ትክክል ነው፤ ማንኛውም መማሪያ መጽሐፍ ዛሬ ከመታተሙ በፊት በኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ነው፤ የሚጠፋው ማንም ስለማይጠይቀው ነው። ይሁን እንጂ “ፋይሉ ይሰጥ” ብላችሁ ብቻ ብትጽፉ የማይረባ ፋይል ሊሰጣችሁ ይችላል። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚረዱት የፊደል ኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በፊት የተሠሩት የግዕዝ የኮምፒውተር ፊደሎች (ፎንቶች) የላቲንን ቦታ ተውሰው የሚሠሩ ናቸው፤ ዛሬም በእነርሱ የሚሠራ አለ። በዚያ ዓይነት ፊደል የተጻፈ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ይመስላል፤ አንባቢ ሶፍትዌር ሲከፍተው ግን የሚያነበው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ነው፤ ወደ ብሬል የሚቀይረው ሶፍትዌርም እንዲሁ ይሆናል። ገጹ እንደ ፎቶ የተቀመጠበት ፒዲኤፍም ከዚህ አይሻልም።

ስለዚህ በአቤቱታው ላይ ፋይሉ በዩኒኮድ የተጻፈ፣ ጽሑፉ ሊመረጥና ሊቀዳ የሚችል፣ ርእሶቹና ሠንጠረዦቹም በወጉ ምልክት የተደረገባቸው ይሁን ብላችሁ ጻፉ። ይህን ደግሞ ከኅትመት ውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ማተሚያ ቤቱ የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበለው ፋይሉን ሲያስረክብ ነው ከተባለ በዕለቱ ያስረክባል። በሙያው ውስጥ ሆኜ ነው የምናገረው።

መልስ፦ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ እኔ ስወለድ ጀምሮ ዓይነ ስውር ነኝ፤ ዩኒቨርሲቲ ተምሬ አሁን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። ልጅዎን ነገ ስለሚጠብቃት ነገር ስለጠየቁ የደረሰብኝን ልንገርዎ።

ደመወዜ የሚገባበትን ሒሳብ ለመክፈት የሄድኩበት ባንክ ፊርማዬን ሳይቀበል ሁለት እማኝ ይዘህ ና አለኝ። በሦስተኛው ቀን ወንድሜንና አንድ የሥራ ባልደረባዬን ይዤ ተመለስኩ። ሠራተኛዋ ከመስኮቱ በስተጀርባ ሆና ወንድሜን “ስንት ብር ነው የሚያስገባው?” ብላ ጠየቀችው፤ ገንዘቡ በእጄ ነበር፣ የቆምኩትም ፊት ለፊቷ ነበር። ወንድሜ መልስ ሳይሰጥ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸ፤ እስከ ዛሬ ስለዚያች እርምጃ አመሰግነዋለሁ። የኤቲኤም ካርድ ስጠይቅ ደግሞ ለራስህ ደኅንነት ሲባል አይሰጥህም ተባልኩ። ሲጠቀስልኝ የነበረው የሕግ ባለሙያው ያነሡት ቁጥር 1728 ነው። እኔ እንደገባኝ ድንጋጌው ውሉ በማን ይረጋገጥ የሚል እንጂ አገልግሎት ይከልከል የሚል ቃል የለውም፤ ዓይነ ስውሩን ለመጠበቅ የወጣ ሕግ እርሱኑ መከልከያ ሆነ።

ሌላው ማስታወቂያ ነው። መሥሪያ ቤቶች የሥራ ቅጥርና የምዝገባ ማስታወቂያ በወረቀት ላይ ማኅተም አድርገው፣ ወረቀቱን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይለቁታል። ስልኬ ጽሑፍ ያነብልኛል፤ ፎቶው ላይ ሲደርስ ግን “ፎቶ” ብሎ ያልፋል። አንድ ጊዜ ለሥልጠና የወጣ ማስታወቂያ ጓደኛዬ አይቶ በስልክ ያነበበልኝ ዘግይቶ ነበር፤ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ስደርስ ምዝገባው ትናንት ተዘግቷል ተባልኩ። ከፎቶው ሥር ያንኑ ጽሑፍ መጻፍ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግዴታ ስላልሆነ ግን የሚያስታውሰው የለም። ሕንፃም እንዲሁ ነው፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 በተሽከርካሪ ወንበር ስለሚሄዱና ደረጃ መውጣት ስለማይችሉ ሰዎች ሲናገር፣ ድምፅ ስለሚሰጥ ሊፍት ወይም በጣት ስለሚነበብ የቢሮ ቁጥር ግን አላነሣም። ሊፍት ውስጥ ገብቼ ስንተኛ ፎቅ እንደደረስኩ የምጠይቀው ሰው እስኪገባ የጠበቅኩባቸው ቀኖች ብዙ ናቸው።

በእጄ የያዝኩት የሠራልኝ ሕግ ግን አለ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ምቹ የሥራ ሁኔታ እንዲፈጥርና ለሥራው የሚያስፈልግ ረዳት እንዲመድብ ያዛል። ቅጥሬ ላይ “ወረቀት ማን ያነብልሃል?” የሚል ጥያቄ ሲነሣ የአዋጁን አንቀጽ አቀረብኩ፤ ክርክሩ በዚያው ቆመ። የሠራልኝ ግዴታው በማን ላይ እንደሆነ ስለሚናገር ይመስለኛል፤ “አሠሪው” ይላል። የእናንተም አቤቱታ ያን ያህል የጠራ ይሁን፦ “ትምህርት ቢሮው” ይበል፣ “ማተሚያ ቤቱ” ይበል፣ “ማስታወቂያ የሚያወጣው መሥሪያ ቤት” ይበል። “የሚመለከተው አካል” የሚለውን ቃል ከረቂቁ ውስጥ ካገኛችሁት ሰርዙት፤ የሚመለከተው አካል ተፈልጎ ተገኝቶ አያውቅም።

የጠያቂዋ ምላሽ

ወንድሞቼ፣ መምህር፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ፤ አላህ ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ከወላጆቹ ጋር ተገናኝተን የጻፋችሁትን ሁሉ አነበብነው። አቤቱታውን አሳጥረን እንዲህ አድርገነዋል፦ ዓይነ ስውር የሆነ ተማሪ ሁሉ፣ በሙያ ምርመራ ተገቢ አይደለም ካልተባለ በቀር፣ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ ብሬል እንዲማር፤ ክልሉ የሚያሳትመው መማሪያ መጽሐፍ በዩኒኮድ የተዘጋጀ ፋይሉ ከኅትመቱ ጋር ለትምህርት ቢሮው እንዲረከብ፤ ቢሮውም የብሬሉን ቅጂ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት እንዲያደርስ፤ ደሴንና አካባቢዋን የሚያዳርስ የብሬል መምህር ከሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት እንዲመደብ። መመሪያውን ከቢሮው፣ አዋጁን ከምክር ቤቱ በሁለት ደብዳቤ ለይተን እንጠይቃለን። የባንኩንና የማስታወቂያውን ጉዳይ ለብቻ ለመጻፍ ከኮምቦልቻው ወንድሜ ጋር በስልክ ተነጋግረናል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ረቂቁን ለልጄ ሳነብላት “እኔም ልፈርም” አለች። ስሟን በብሬል ጽፋ ከደብዳቤው ግርጌ ብታኖር፣ ያ የተጠቀሰው ቁጥር 1728 አቤቱታችንን ያበላሽብናል ወይ?

መልስ፦ የሕግ ባለሙያ፣ ደሴ

አያበላሽም። ቁጥር 1728 በጽሑፍ የሚደረግ ውልን የሚመለከት ነው፤ አቤቱታ ውል አይደለም። ልጅዎ ገና አካለ መጠን ስላልደረሰች አመልካቾቹ እናንተ ወላጆች ሆናችሁ ፈርሙ፤ የእርሷ የብሬል ፊርማም ከእናንተ ፊርማ ሥር ይቀመጥ፤ የሚያይ ሰው እንዲለየው ከጎኑ ስሟን በፊደል ጻፉበት። ወረቀቱ ስስ ከሆነ ነጥቡ ስለሚቀደድ የብሬል ወረቀት ቆርጣችሁ ለጥፉ። መምህሩ ስለ አዋጁ ያሉትንም አስቤበት ተቀብያለሁ፤ ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ቀን ይግቡ። ሁለቱንም በሁለት በሁለት ቅጂ አዘጋጁና በቀሪያችሁ ቅጂ ላይ የመዝገብ ቤቱን ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ሳታስደርጉ ከቢሮው አትውጡ። የበጀት ረቂቅ ሳይዘጋ እንዲደርስ ደግሞ እስከ መጋቢት መጨረሻ ብታስገቡት ጥሩ ነው።